ውቅያኖስ ሲሞቅ የጎጃም ሰማይ ምን ይሸከማል?

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረው የሐምሌ ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። በምዕራብ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ባለው የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ፣ በሽቦ በታጠረው ሣር መካከል፣ ተመልካቹ ጎንበስ ብሎ ከዝናብ መለኪያው ያወጣውን ውሃ ወደ ቀጭኑ መስፈሪያ መስታወት ያንቆረቁራል። ዓይኑን ከውሃው ጋር አስተካክሎ ያነብና መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ከዚያ በአራት እግሩ ወደቆመው ነጭ የእንጨት ሳጥን ይሄዳል። የሳጥኑ ጎኖች ነፋስ የሚያስገቡ፣ ፀሐይ የማያስገቡ ርብራቦች ናቸው። በሩ ሲከፈት ሁለት ቀጫጭን ቴርሞሜትሮች ተጋድመው ይታያሉ። የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዘው በአልኮል ይሠራል። የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት የሚይዘው በሜርኩሪ፣ ድሮ ባዜቃ ይባል በነበረው ብረት ይሠራል። ተመልካቹ ካነበበ በኋላ እንደ ክሊኒክ ቴርሞሜትር ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

አጥሩን ተደግፎ ሲያይ የቆየ ገበሬ «የማታውስ ስንት ጣለ?» ይላል።

«ደህና ጥሏል ጋሼ። በቆሎዎ አይከፋውም።»

ጥያቄው ስለ ውሃው ነው፤ ስለ ብረቱ የሚጠይቅ የለም። መስታወቱ ውስጥ የታሸገው ሜርኩሪ እርግጥ የትም አይሄድም። ከአጥሩ በላይ ባለው አየር ውስጥ ግን የማይታይና የማይሸት ሌላ ሜርኩሪ አለ። ከዚያ ውስጥ ቀላል የማይባለው የወጣው ከውቅያኖስ ነው። ምን ያህሉ እንደሚወጣ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ የውሃው ሙቀት ነው። ባሕር ያላየ አገር ከባሕር ሙቀት ጋር ምን አገናኘው ቢሉ፣ መልሱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የሚተን ብረት

ሜርኩሪን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከጤና ጣቢያ ነው፤ በልጅ ብብት ሥር ከሚገባው ቴርሞሜትር። ሲሰበር መሬት ላይ የሚንከባለሉትን የብር ቀለም ፍሬዎች በጣቱ ያላሳደደ ልጅ ጥቂት ነው። በተራ ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ ብቸኛው ብረት ይኸው ነው። አንድ ሊትሩ 13.6 ኪሎ ይመዝናል። የሚገርመው እንዲህ ከባድ ሆኖ ሳለ ሳይፈላ ቀስ እያለ መትነኑ ነው።

አንዴ ከተነነ በቀላሉ አይወርድም። አየር ላይ ለወራት፣ አንዳንዱም እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምድርን መዞር ይችላል። ስለዚህ «የቻይና ጭስ ነው»፣ «የአውሮፓ ጭስ ነው» ብሎ ለአንድ አገር መስጠት ያስቸግራል። በሰሜኑ የምድር ክፍል አየር ውስጥ ያለው መጠን በሜትር ኩብ 1.5 ናኖ ግራም ገደማ ነው፤ ናኖ ግራም ማለት የግራም ቢሊዮንኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአየር ካስቀመጠው ወሰን ጋር ሲነጻጸር ይህ በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው። እናም ጎጃም ላይ ቆሞ በመተንፈስ የሚታመም የለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እንደርስበታለን።

እሳተ ገሞራና ድንጋይ ከጥንት ጀምሮ ሜርኩሪ ለአየር ሲሰጡ ኖረዋል። የሰው እጅ ግን ልኩን አሳጣው። ስፔኖች ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከአገራቸው የአልማዴን ማዕድን ያወጡትን ሜርኩሪ በመርከብ እየጫኑ በላቲን አሜሪካ ብር ያጠሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1849 የካሊፎርኒያ የወርቅ ግርግር ሌላ ጨመረ። ከዚያ የድንጋይ ከሰል መጣ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ በአየር ላይ ያለው ሜርኩሪ ከተፈጥሮው መጠን በ450 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2015 ብቻ ሰው ከ2,200 ቶን በላይ ወደ አየር ለቋል። ትልቁን ድርሻ፣ 38 በመቶ ያህሉን፣ የያዘው ፋብሪካ አይደለም፤ በባሕላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች ናቸው።

ውቅያኖሶች በዓመት ወደ አየር የሚመልሱት ከዚህም ይበልጣል። ይህ ሲባል ግን ባሕሩ ሜርኩሪ ያመርታል ማለት አይደለም። አብዛኛው ትናንትና ከትናንት ወዲያ የወደቀበት ነው። ዛሬ ከማዕበል ላይ የሚነሳው ጋዝ ውስጥ የላቲን አሜሪካዋ ፖቶሲ ብር አንጣሪዎች ያቃጠሉት ሊኖርበት ይችላል።

«ዛሬ ከማዕበል ላይ የሚነሳው ጋዝ ውስጥ የላቲን አሜሪካዋ ፖቶሲ ብር አንጣሪዎች ያቃጠሉት ሊኖርበት ይችላል።»

ውሃው ሲሞቅ

ባሕር ላይ የወደቀ ሜርኩሪ መጀመሪያ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀመጣል። የፀሐይ ብርሃንና ጥቃቅን ሕዋሳት ከፊሉን ወደ ጋዝነት ይለውጡታል። ጋዙ ውሃው ውስጥ መቆየት አለመቆየቱ የሙቀት ጉዳይ ነው። ከፍሪጅ የወጣ አምቦ ውሃ ሲከፈት ጋዙን ይዞ ይቆያል፤ ፀሐይ ላይ የዋለው ግን ክዳኑ ሲነሳ ገንፍሎ ይወጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተራ ውሃ ነው። የሜርኩሪ ጋዝም ሕግ ይኸው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ይይዘዋል፤ ሙቅ ውሃ ይለቀዋል።

ሙቀት ብቻውን አይሠራም። ነፋስ የውሃውን ገጽ ሲያናውጥ ጋዙ ቶሎ ይወጣል። በሙቀት ጊዜ ጥቃቅን ሕዋሳቱም ይበረታሉ። በዚህ ምክንያት የምድር ወገብ አካባቢ ባሕሮች አብዛኛውን ጊዜ ለቃቂዎች ናቸው፤ ቀዝቃዛዎቹ የሰሜንና የደቡብ ባሕሮች ደግሞ ወደ መዋጡ ያደላሉ።

መዋጥ ስንል ግን ዝናብ የሚጥልበትን ብቻ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ባሕር ሜርኩሪ የሚያገኘው በዝናብ ነው ብለው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣና ሜዲትራኒያንን የመረመረ ጥናት ግን ባሕሩ ጋዙን በቀጥታ ከአየር እንደሚስብ፣ መጠኑም ከዝናቡ ጋር የሚቀራረብ እንደሆነ አሳየ። የውሃ መሞቅ እንግዲህ በሁለት በኩል ይመጣል፤ የሚለቀውን ያበረታል፣ የሚስበውን ያደክማል።

ለእኛ የሚቀርበው ትልቅ ውሃ የሕንድ ውቅያኖስ ነው። ከሐሩር ውቅያኖሶች ሁሉ በፍጥነት የሞቀውም እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 2015 ባለው ጊዜ የላይኛው ውሃው በአንድ ዲግሪ ገደማ ጨምሯል። አንድ ዲግሪ ለፍኖተ ሰላም ሰው ኮት አውልቆ የሚረሳው ነገር ነው። ለውቅያኖስ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

የባሕርና የጭስ ድርሻ እንዴት ይለያል? እዚህ ላይ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ። አየርላንድ ውስጥ ሜስ ሄድ በሚባል የባሕር ዳርቻ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተወሰደ ልኬት የአየሩ ሜርኩሪ እየቀነሰ ሄዷል። አንዳንዶቹ ምክንያቱ የሰሜን አትላንቲክ ውሃ ራሱ ሜርኩሪው መቀነሱ ነው አሉ። ሌሎቹ የለም፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ጭስ ማውጫዎች ስለተጣሩ ነው አሉ። ከአፍሪካ ረጅሙ መዝገብ የሚገኘው ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ፖይንት ላይ ነው፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ክርክሩን የሚያከርረው የልኬት ቦታዎቹ ማነስ ነው፤ ሁለት ሦስት ዳርቻ ላይ ቆሞ ስለ ዓለም ሁሉ መናገር አስቸጋሪ ነው።

ዝናቡ ከወዴት ይመጣል?

በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለው የጃቢ ጠህናንና የቡሬ ገበሬ ክረምት ሲቃረብ ወደ ምዕራብ ያያል። ደመናው ከዚያ ነው የሚገባው። እኛም ትምህርት ቤት የተማርነው ክረምቱ ከአትላንቲክ ተነስቶ በኮንጎ ደን በኩል ይመጣል የሚል ነበር። የአየሩን ጉዞ ወደ ኋላ እየተከተሉ የሠሩ አዳዲስ ጥናቶች ሥዕሉን አወሳስበውታል። ለኢትዮጵያ ደጋ እርጥበት ከሚያመጡት ዋነኞቹ መካከል የሕንድ ውቅያኖስ አለበት፤ ገሚሱ ዞሮ ዞሮ ከምዕራብ ቢገባም። በሰሜን በኩል ደግሞ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን የሚመጣ አለ። አዛውንቶቹ ወደ ምዕራብ ማየታቸው ስህተት አይደለም፤ ደመናው የሚገባበት በርና የተነሳበት አገር የተለያዩ ናቸው እንጂ።

በሰኔና በሐምሌ በሶማሊያ ዳርቻ ላይ በዓለም ከታወቁት ብርቱ ነፋሶች አንዱ ይነፍሳል። ይህ ነፋስ ባሕሩን ያናውጣል፣ ውሃ ያነሳል፣ ወደ ሕንድም ይሄዳል። ከውሃው ጋር የሚነሳው የሜርኩሪ ጋዝ ግን ወዲያው ከዝናብ ጋር አይወርድም። ጋዙ በውሃ በደንብ አይሟሟም። እንዲወርድ መጀመሪያ መለወጥ አለበት፤ ከሚለውጡት ዋነኛው ከባሕር ጨው የሚወጣው ብሮሚን ነው። ባሕሩ ሜርኩሪውን ብቻ ሳይሆን ሜርኩሪውን የሚያወርደውንም ይልካል ማለት ነው። የተለወጠው ሜርኩሪ ከደመና ጠብታ ጋር ይያያዝና ይዘንባል።

እዚህ ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ ውሃ እየያዙ የሚጠጡ ቤተሰቦች ይሰጋሉ። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። ስጋት አይግባችሁ። ዝናብ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ የሚለካው በናኖ ግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው ወሰን በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። ከጣሪያው ላይ የሚያሳስበው የወፍ ኩስና የዛገው ቆርቆሮ ነው።

ሜርኩሪ የሚወርድበት ሌላም መንገድ አለ፤ ከዝናብ ይልቅ ቅጠል የሚሠራበት። ተክል ለመተንፈስ በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲከፍት ከአየር ጋር የሜርኩሪ ጋዝም ይገባል፤ ገብቶም እዚያው ይቀራል። በሰሜኑ የምድር ክፍል ደኖች በሚለመልሙበት በጋ የአየሩ ሜርኩሪ እንደሚቀንስ የታወቀው በዚህ ነው። በነሐሴ ከጅጋ እስከ ወንበርማ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው በቆሎ፣ ከሰው ቁመት በላይ የቆመው፣ ዝም ብሎ ይህንኑ ይሠራል። ወደ ፍሬው የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ቅጠሉ ነው የሚይዘው። ቅጠሉ ሲረግፍ አፈሩ ይረከበዋል። አገዳው ምድጃ ሲገባ ደግሞ መልሶ ወደ ሰማይ ይሄዳል።

«ደመናው የሚገባበት በርና የተነሳበት አገር የተለያዩ ናቸው።»

ኤል ኒኞ ሲመጣ

ኤል ኒኞ የሚለው ስም ጎጃም ውስጥ አዲስ አይደለም። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በሬዲዮ በየቀኑ ይሰማ ነበር። የሩቁ የፓስፊክ ውሃ ሲሞቅ የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ይዳከማል። ያን ጊዜ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ዋግ ኽምራና ሰሜን ወሎ ነበሩ፤ ምዕራብ ጎጃም በአንጻሩ እህል ላኪ ሆኖ ቆየ።

በአየር መንገድ አውሮፕላኖች ላይ በተገጠሙ መሣሪያዎችና በኬፕ ፖይንት መዝገብ የተሠራ ጥናት የአየር ሜርኩሪም ከኤል ኒኞ ጋር ከፍ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል፤ ወራት ዘግይቶ። ውቅያኖስ ስለሞቀ ይለቃል የሚለው መልስ ለማንም ቀድሞ ይመጣል። አጥኚዎቹ ግን ጣታቸውን ይበልጥ የቀሰሩት በእሳት ላይ ነው። በኤል ኒኞ ዓመት እንደ ኢንዶኔዥያ ያሉ አገሮች ይደርቃሉ፣ ደናቸውና ረግረጋቸው ይቃጠላል። በቅጠልና በአፈር ለዘመናት የተቀመጠው ሜርኩሪ ከጭሱ ጋር ይነሳል። የባሕር ሙቀት እዚህ ላይ የሚሠራው በተዘዋዋሪ ነው፤ ዝናብ ነስቶ፣ እሳት አስነስቶ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይበልጥ የሚከብደው ይህ ክፍል ነው፤ ቀጥተኛው መንገድ ቀስ ብሎ ሲሠራ ተዘዋዋሪው በአንድ በጋ ያደርሳል።

ችግሩ ሳህን ላይ ነው

አፈርና ወንዝ የያዙት ሜርኩሪ ሐይቅና ረግረግ ሲደርስ ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያገኙታል። ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። መርዙ ይኸኛው ነው። ከደቃቅ ፍጥረት ወደ ትንሽ ዓሣ፣ ከትንሽ ዓሣ ወደ ትልቅ ዓሣ ሲሄድ እየተጠራቀመ ይበዛል፤ በመጨረሻ ሰው ይበላዋል። በተለይ የሚጎዳው በማሕፀን ያለ ልጅ አእምሮ ነው።

ጃፓን ውስጥ፣ ሚናማታ በሚባል ከተማ፣ ቺሶ የተባለ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት ወደ ባሕር ሲደፋ ኖረ። መጀመሪያ ያበዱት ድመቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1956 በሽታው በይፋ ተመዘገበ። ስለ ሜርኩሪ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ስሙን ከዚያች ከተማ የወሰደውም ለዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ተፈርሞ በነሐሴ 2017 በሥራ ላይ ዋለ።

ከሚናማታ ይልቅ ለጎጃም ገበሬ የሚቀርበው ግን የኢራቅ ታሪክ ይመስለኛል። ምርጥ ዘር በቆሎ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ሲገዛ ፍሬው ቀለም የተቀባ ነው፤ እጅ ላይ ይቀራል። ከረጢቱ ላይ እንዳይበላ የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። የተቀባው የነቀዝና የሻጋታ መድኃኒት ነው፤ ዛሬ ሜርኩሪ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ ለኢራቅ ገበሬዎች የተከፋፈለው ስንዴና ገብስ ግን በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ ነበር። ማስጠንቀቂያው በማያነቡት ቋንቋ ተጽፎ ነበር። የመዝሪያው ጊዜ አልፎ ነበር የደረሳቸው፤ ቤት ውስጥ እህል አልቋል። ቀለሙን አጥበው አስለቀቁትና ፈጭተው ጋገሩት። ቀለሙ ለቀቀ፤ መርዙ አልለቀቀም። ሆስፒታል ከገቡት ከ6,500 በላይ ሰዎች 459ኙ ሞቱ። ምርጥ ዘር ተርፎት «ታጥቦ ይበላል» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

በአገራችን ደግሞ ማስረጃው ያለው ሐዋሳ ሐይቅ ነው። ኢትዮጵያውያንና ኖርዌያውያን ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ሌሎች ዓሦችን የሚበላው ትልቁ ነጭ ዓሣ ከቀረሶና ከአምባዛ የበለጠ ሜርኩሪ ይዞ ተገኘ፤ ትልልቆቹ ለምግብ ከተቀመጠው ወሰን አልፈው። በአካባቢው ይህን የሚያህል ሜርኩሪ የሚደፋ ፋብሪካ መፈለግ አላስፈለገም። ዓሣው ምን ይበላል የሚለው ጥያቄ ብዙውን መለሰ።

የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ምግብ ቤቶች ዓሣ በአብዛኛው ከጣና ነው የሚመጣው። አብዛኛው ቀረሶ ነው፤ ቀረሶ ደግሞ በአመዛኙ ደቃቅ እጽዋት በሊ ነውና ከሰንሰለቱ ታች ነው ያለው። ዓሣ ጾም ይሁን ፍስክ የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ከሜርኩሪ አንጻር ቀረሶ ከሁሉ ይሻላል። በየሱቁ የተደረደረው የቱና ጣሳ ከሌላ ወገን ነው። ቱና ከባሕር አዳኞች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ ውሃው ሲሞቅ ሰማያዊ ክንፍ ያለው ቱና ብዙ ኃይል ስለሚያባክን ብዙ እንደሚበላ፣ በዚያው ልክ ሜርኩሪውም እንደሚጨምር አስልቷል። ጭስ ቢቀንስም ሙቀት የቀነሰውን መልሶ ሊሞላው ይችላል። ወደ ጣሳ የሚገባው አብዛኛው ቱና ሌላ፣ አነስ ያለ ዝርያ መሆኑን ግን መርሳት አያስፈልግም።

«ቀለሙ ለቀቀ፤ መርዙ አልለቀቀም።»

ከመብራት እስከ ወርቅ

ከሁለት ሺሁ ሚሊኒየም ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት መብራት ኃይል አሮጌውን አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢውን በነጻ ያድል ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠር። ጠመዝማዛው አምፖል በእርግጥ ኮረንቲ ቆጥቧል። በእያንዳንዱ ውስጥ ግን ጥቂት ሚሊ ግራም ሜርኩሪ አለ። ሲቃጠል ከቦይ ወይ ከቆሻሻ ክምር ይጣላል። የጤና ባለሙያዎቹ ምክር ቀላል ነው፤ ቤት ውስጥ ከተሰበረ መስኮት ተከፍቶ ሰው ይውጣ፣ በመጥረጊያ አይጠረግ፣ በካርቶን ተሰብስቦ ክዳን ባለው ዕቃ ይታሸግ። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እነዚህን አምፖሎች እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ከገበያ ለማውጣት ተስማምተው ነበር። የሜርኩሪ ቴርሞሜትሮችም ቀኑ ካለፈባቸው ዕቃዎች መካከል ናቸው፤ ሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች ወደ ኤሌክትሮኒክ መለኪያ የሚዞሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወርቁ ይከብዳል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወንዞች ወርቅ በገበቴ ማጠብ የኖረ ሥራ ነው፤ በገበቴ ሲታጠብ ደግሞ ሜርኩሪ አያሻም። ወርቁ እየደቀቀ ሲሄድ ነው ሜርኩሪ የሚፈለገው፤ ደቃቁን ይሰበስበዋል። ከጎጃም ቆላ ተሻግረው ወርቅ ሲፈልጉ የቆዩ ወጣቶች አሠራሩን በቀላሉ ያስረዳሉ። አሸዋው ከሜርኩሪው ጋር ይታሻል፣ የተያያዘው በጨርቅ ይጨመቃል፣ ያች ነጭ እንክብል እሳት ላይ ትቀመጣለች። ሜርኩሪው ይተናል፣ ቢጫው ይቀራል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው በተከፈተ ብረት ምጣድ ላይ፣ አንዳንዴም በሚበሉበት ቤት ውስጥ ነው። አየሩ ውስጥ ያለው መጠን ያን ጊዜ የናኖ ግራም ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። የሚንቀጠቀጡ እጆች፣ የሚጠፋ እንቅልፍ፣ ያለ ምክንያት የሚመጣ ቁጣ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። «ወባ ነው» ተብሎ ሊታለፍም ይችላል።

መከላከያው የታወቀ ነው፤ እንክብሏን ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ከቶ፣ እንፋሎቱን በቱቦ ወደ ውሃ መምራት። ሜርኩሪው ተይዞ እንደገና ይሠራል፤ ስለዚህ ወጪም ይቆጥባል። ማንኛውም ብየዳ ቤት የሚሠራው ዕቃ ነው። ወርቅ አውጪውን የሚያሳምነው ስለ ውቅያኖስና ስለ ዓሣ የሚሰጥ ትምህርት ላይሆን ይችላል፤ የሚተርፈው የሜርኩሪ ዋጋ እንጂ። ከወርቅ ቦታ የተመለሰ አንድ ወጣት ስለዚህ ዕቃ ሲነገረው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ያስወጣል?»